ቦርጭ፣ የደም ሥርና የወንዶች ስንፈተ ወሲብ

በማኅበረሰባችን ዘንድ የወንድ ልጅ ቦርጭ ለረጅም ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ከዓመታት በኋላ ያገኙትን ዘመድ “ተመችቶሃል” ማለት ምርቃት እንጂ ነቀፋ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ባለፈ ውፍረት እንደሚኖር አስታውቋል። በኢትዮጵያ ቁጥሩ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም በከተሞች እየጨመረ ነው። ከበሬ ጋር ሲመላለስ የሚውለውን አርሶ አደር ሥራው ይጠብቀዋል፤ ሞፈሩን ትቶ የባጃጅ መሪ የጨበጠው ልጁ ግን የአባቱን ያህል እየበላ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል።

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። በውስጡ ያለው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ቴስቶስትሮን የተሰኘውን የወንድ ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። አንጎልም በበኩሉ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ሆርሞኑ ሲያንስ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ስብ ይጨምራል፤ ስቡ ደግሞ ሆርሞኑን ይበልጥ ያሳንሳል። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ድካምና የዘር ፈሳሽ ጥራት መጓደል ሊከተሉ ይችላሉ። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ባሉበት ቤት ግን ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በሚስት ላይ ብቻ ነው፤ ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የደም ሥሩ ጉዳይ ነው። የወንድ ብልት የሚነሣው የደም ሥሮች ናይትሪክ ኦክሳይድ በተባለ ንጥረ ነገር አማካኝነት ላልተው ደም ሲሞላባቸው ነው። ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ይህን የመላላት ችሎታ ያዳክማሉ። የብልት ደም ሥር ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የልብ ደም ሥር ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው በጠባቡ ላይ ነው። ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። አፍሮ የደበቀው ሰው የደበቀው የልቡን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

እፍረቱ ወደ ሌላ አደጋም ይመራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ሲልዴናፊል ለልብ ሕመም ከሚታዘዙት የናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል። “ወንድነትን ይመልሳል” ተብሎ የሚወጋው ቴስቶስትሮን ደግሞ ሰውነት የራሱን ዘር ማምረት እንዲያቆም ስለሚያደርግ፣ ልጅ ለሚሻ ሰው ተቃራኒ ውጤት አለው። በሌላ በኩል አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ችግሩን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሐኪሙ እንዲቀይራቸው መጠየቅ እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

መልካሙ ነገር ጉዳቱ ሊቀለበስ መቻሉ ነው። በጣሊያን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ስንፈተ ወሲብ የነበረባቸው 110 ወፍራም ወንዶች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ዝርዝር ምክር ካገኙት 55ቱ መካከል 17ቱ ሲሻላቸው፣ አጠቃላይ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው 55ቱ ግን የተሻላቸው 3 ብቻ ነበሩ።

የወገብ ዙሪያው ከ94 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድ የደም ግፊቱንና የደም ስኳሩን በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ቢያስለካ ይመከራል። ቴስቶስትሮን እንዲለካ የታዘዘለት ሰው ደግሞ መጠኑ ከፍ የሚለው በማለዳ በመሆኑ ደሙን ጠዋት መስጠት ይኖርበታል።