የስልክ ውሾችና የማኅበራችን መዋጮ



ባለፈው ወር ከተሰበሰበው መዋጮ ላይ 1,850 ብር መጉደሉን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ወሬው በየቡናው ላይ ከእኔ ቀድሞ ስለደረሰ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ መጠን እውነቱን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያጎደለው ቤት ለቤት እየዞረ መዋጮ የሚሰበስብልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ብሩን ከደመወዜ ተክቼ በደረሰኝ ገቢ አድርጌያለሁ፤ ሒሳብ ሹማችንም አይተው ፈርመዋል። ስለ ገንዘቡ ይህ ይበቃል። አሁን ገንዘቡ ስለሄደበት ነገር ልጻፍ፤ ምክንያቱም ነገሩ በእኔ ቤት ብቻ የገባ አይደለም።

ልጁ ብሩን የጨረሰው በስልክ ላይ በሚታይ የውሻ ሩጫ ውርርድ ነው። አንዳንድ አባቶችና እናቶች «ውሻ ደግሞ ምን ይሮጣል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። በፈረንጅ አገር ግን የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የሚባል ሰው በሞተር የሚነዳ የውሸት ጥንቸል ውሾች የሚያሳድዱበት ሜዳ ከፈተ፤ በ1926 ደግሞ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ገባ። ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሮምፎርድ ሄዶ አይቷል። ግሬይሀውንድ የሚባሉ ቀጫጭን ውሾች ናቸው፤ ስድስት ሆነው ይሰለፋሉ፤ 1 ቁጥር ቀይ፣ 2 ሰማያዊ፣ 3 ነጭ፣ 4 ጥቁር፣ 5 ብርቱካናማ፣ 6 ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ለብሰው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ ይላል። እዚያ ውሻው ክብደት አለው፣ አሠልጣኝ አለው፣ ባለፈው ስንተኛ እንደወጣ የተጻፈ መዝገብ አለው። ሰው ያንን አንብቦ ይገምታል፤ ልክ ይሁን አይሁን የራሱ ጉዳይ ነው።

የእኛ ልጆች የሚያዩት ግን ያንን አይደለም። በስልኩ ላይ የሚሮጡት ውሾች በኮምፒዩተር የተሣሉ ናቸው። ቁጥሩም ቀለሙም ከእንግሊዞቹ የተቀዳ ነው፤ ውሻ ግን የለም። አሸናፊውን የሚለየው ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ሩጫው የሚታየው የዕጣው ማጀቢያ ሆኖ ነው። እውነተኛ ውሻ ይደክማል፤ እነዚህ ሌሊትና ቀን በየሦስትና አራት ደቂቃው ይሮጣሉ።

ታዲያ ልጁ በዘፈቀደ እንዳልተወራረደ ይምልልኛል። ከሰፈራችን ወጣቶች አንዱ በ500 ብር የሸጠለት አፕ አለው። ይህ አፕ ያለፉትን ሩጫዎች «አጥንቶ» ቀጣዩን ውሻ ይነግረዋል ተብሏል። በዚህ ላይ አንድ ምክር ይጨምርለታል፦ ከተበላህ በሚቀጥለው እጥፍ አድርግ። ልጁ በመጀመሪያ 580 ብር በትንሽ በትንሹ ተበላ። ከዚያ ሊያስመልስ ምክሩን ይዞ ገባ። 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640። ደምሩት፤ 1,270 ብር ነው። ሰባት ሩጫ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ። አፑ ስምንተኛውን 1,280 ብር አስይዝ ብሎት ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ያለው መዋጮ አለቀ እንጂ እሱስ አላቆመም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ነገር የለም። መመዝገብ ግን እችላለሁ። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ፣ አንድ ሳንቲም ሳናስይዝ፣ አፑ የሚመርጠውን ውሻ ከሩጫው በፊት በደብተር ጻፍኩ። ስልሳ ሩጫ። ከጎኑ ባለቤቴ እንደ ዕቁብ ዕጣ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸውን የተጠቀለሉ ወረቀቶች በወተት ጣሳ እያንቀጠቀጠች ታወጣ ነበር። በየሩጫው 10 ብር ብናስይዝ ኖሮ 600 ብር እናወጣ ነበር። አፑ 14 ጊዜ አግኝቶ 505 ብር ይመልስልን ነበር፤ ጣሳው 11 ጊዜ ብቻ አግኝቶ 520 ብር። ልብ አድርጉ፣ ጣሳው ጎበዝ ነው አላልኩም። ሌላ ቀን ቢሆን አፑ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱም ግን ከ600 በታች ናቸው። በተከታታይ ሰባት ጊዜ መሳትም እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያየሁት እዚሁ ደብተር ላይ ነው፤ አፑ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጓል።

ለምን እንደሚጎድል ማወቅ የሚፈልግ ካለ ሒሳቡ ቀላል ነው። ስድስቱ ውሾች እኩል ዕድል ቢኖራቸው ትክክለኛው ኦድ 6 ነበር። አወራራጁ 5 ብሎ ይጽፋል እንበል። በእያንዳንዱ ውሻ 10 ብር ያስያዘ 60 ብር ከፍሎ 50 ይቀበላል። አሥሯ የቤቱ ናት። የትኛውንም ውሻ ቢመርጥ ያቺ አሥር ብር በኦዱ ውስጥ ተቀንሳለች። ያለፈውን ዕጣ ማጥናት የሚመጣውን አይለውጠውም፤ የዕቁብ ዕጣ የምታወጡ ሁሉ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

«እገሌ ግን በዚሁ አፕ በላ፤ ቴሌግራም ላይ ፎቶው አለ» የሚሉኝ አሉ። ይኖራል። አንድ ሰው ስድስት የቴሌግራም ቡድን ከፍቶ ለየቡድኑ የተለያየ ውሻ ቢሰጥ፣ አንዱ ቡድን ምንጊዜም ይጨፍራል። የተበሉት አምስቱ ፎቶ አይለጥፉም። የሰፈራችን ልጅ ይህን አድርጓል አልልም፤ እሱም ከሌላ ገዝቶ ይሆናል።

አንድ የተማረ ጎረቤቴ ደግሞ ሆንግ ኮንግን አነሣብኝ። እውነቱን ነው፤ ቢል ቤንተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኮምፒዩተር የፈረስ ውርርድ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል። ግን ፈረሶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ውርርዱም ሰው ከሰው ጋር በአንድ ትልቅ ቋት የሚወራረድበት ነበር። ዓመታት ለፍቶበታል። ኸረ ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ያለ ሰው ለእህቴ ልጅ በ500 ብር ይሸጥለታል?

ከኮሚቴው አባላት መካከል ልጁ ሁለተኛ የማኅበሩን ገንዘብ እንዳይነካ የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሌሎች ደግሞ ሁሉንም ጥፋት በአፑ ላይ ይጥላሉ፤ በዚህም አልስማማም፣ መዋጮውን ከኪሱ ያወጣው የገዛ እጁ ነው። ልጁ ከሚሠራበት ጎማ ቤት በወር 300 ብር ለእኔ እየከፈለ ነው። እስኪጨርስ አይሰብስብ፤ ከጨረሰ በኋላ ግን ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ይሰብስብ ባይ ነኝ። ለብቻው ያን ያህል ጥሬ ብር አስይዤ በመላኬ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ከእንግዲህ ማንም ብቻውን አይሰበስብ።

አፑን የሸጠው ወጣት ስሙን አልጠራም፤ እናቱን አከብራለሁ። ከሰፈራችን ልጆች ቢያንስ አራቱ እንደገዙት ግን አውቃለሁ። ገንዘባቸውን ይመልስላቸው። እምቢ ካለ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አነሣዋለሁ፤ ያኔ ስሙ ይጠራል።

ጉባኤው እሑድ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በተለመደው ቦታ ነው። ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። አፑ ይሠራል የሚል ካለ ስልኩን ይዞ ይምጣ፤ ባለቤቴም ጣሳዋን ታመጣለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ