ገናና ገና

ከዚህ በላይ የተጻፈውን አርእስት አንዱ «ዝነኛው የልደት በዓል» ብሎ ቢተረጉመው፣ ሌላውም «ገና የተባለው ቃልና ገና የተባለው በዓል» ብሎ ቢፈታው፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ገነነ» ከሚለው ግስ የወጣው ገናና አንድ ቃል ነው፤ «ገና» ላይ «ና» ተጨምሮ የተገኘው ገናና ደግሞ ሌላ ነው። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱን የሚለያቸው አንዳች ምልክት የለም።

የዛሬው ቃላችን ገና ነው። «ና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አለመድረሱን ወይም ነገሩ አለማለቁን ያመለክታል። «ምሳው ደረሰ?» «ገና ነው።» «ገና ልጅ ነው» ስንል እድሜው አለመጠንከሩን፣ «ገና ሳይነጋ ተነሣ» ስንል መቅደሙን፣ «ገና ሲያየኝ ሣቀ» ስንል ደግሞ ወዲያው መሆኑን እንናገራለን። አንድ ቃል ለመዘግየትም ለመፍጠንም ማገልገሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ባዕድ ሰው አማርኛ ሲማር ከሚቸገርባቸው ቃላት አንዱ ይህ ቢሆን አይፈረድበትም።

«ና» ጠብቆ ሲነገር ግን የጌታ ልደት በዓል ነው። በግእዙ መጻሕፍት በዓሉ ልደት ይባላል፤ ገና የተባለውን ስም ሊቃውንት ልደት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ጋር ያዛምዱታል። በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ሲሆን፣ በዘመነ ዮሐንስ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈችበት ማግሥት ዓመት ስለሆነ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር። በዚሁ በዓል ጐልማሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ጫፉ በቈለመመ ዱላ ሩር እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታም በበዓሉ ስም ገና ይባላል። በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ ይጋፋሉ፤ ጌታው ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነው።

ሁለቱ ገናዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ደግሞ ጨዋታው ይጀመራል። አማርኛችን «ገና ለገና» የሚል አነጋገር አለው፤ ነገሩ ሳይረጋገጥ በግምት ብቻ መነሣት ማለት ነው። እንግዲህ «አያ እገሌ ገና ለገና በግ ገዙ» የሚለውን አንብቡት። ሁለቱንም ብታላሉት ሰውየው ባልተጨበጠ ተስፋ ገንዘባቸውን አወጡ ማለት ነው። ሁለተኛውን ብታጠብቁት ግን ለልደት በዓል አስቀድመው የተዘጋጁ አስተዋይ አባወራ ናቸው። ሞኝነትና ብልህነት በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ተለያዩ!

በቅኔ ቤት ይህን የመሰለው ቃል ኅብር ይባላል። ሰምና ወርቅ በሚባለው መንገድ ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ተሰናድተው ይነገራሉ፤ በኅብር ግን አንዱ ቃል ሁለቱን ምሥጢር በሆዱ ይይዛል። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የታወቁባቸው የቅኔ ቤቶች የሚያሠለጥኑት ጆሮ ይህን የሚለይ ጆሮ ነው። ለምሳሌ ያህል እኔው ያበጀሁትን ሁለት ስንኝ ልጻፍ፤ ባለቅኔዎች ይታገሡኝ፦

በጉም ዶሮውም ለሌላው ይሁና፤
እኔን ደስ የሚለኝ መዝሙር ነው በገና።

ላይ ላዩን «በበዓለ ልደት መዝሙር ደስ ይለኛል» ይላል። «ና»ን ላላ አድርጋችሁ ስታነቡት ግን ዐሥር አውታር ያለው የዳዊት በገና ብቅ ይላል። እርግጥ ነው፣ በገና ይበልጡን የሚሰማው በዐቢይ ጾም እንጂ በፍስክ አይደለም የሚል ተቺ ይኖራል፤ ልክ ነው፤ ስለዚህ ቅኔው አንድ እግሩ ያነክሳል።

ጨዋታ ያልሆነበትም ጊዜ አለ። እዚህ በዶዮገና አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ሄዶባቸዋል። ከከምባታና ከሐድያ ብዙ ወጣት ወደዚያ መጓዙን የማያውቅ የለም። የተለየ ዘመድ ወደ ቤቱ የሚጠበቀው በመስቀል፣ ከምባታው መሳላ በሚለው በዓል ነው። በአንድ መስከረም ልጁ በስልክ መልእክት ላከ፤ «እማዬ፣ ለመስቀል አልደርስም፤ መምጫዬ ገና ነው።» የጎረቤት ተማሪ ተጠርቶ አነበበላቸው፤ አጥብቆ አነበበው። እናትም ከዚያች ቀን ጀምረው እስከ ታኅሣሥ ቀን ቈጠሩ፤ ከገበያ በግ ገዙ፤ ቆጮው ተዘጋጀ፣ ቅቤው ተነጠረ። በዋዜማው ልጁ ደውሎ እንኳን አደረሳችሁ ሲል «የት ደረስህ?» አሉት። እርሱ የጻፈው ላልቶ የሚነበበውን ገና ነበረ። በጉ በዚያ በዓል አልታረደም፤ ልጁም በፋሲካ ገና መንገድ አልጀመረም ነበር።

አንዳንዶች አንባቢውን ልጅ ወቀሱት። እኔ ግን አልወቅሰውም። ፊደላችን ሁለቱንም ንባብ ይፈቅዳል፤ የመስቀል ስም በቀደመበት መልእክት ውስጥ ገናን በዓል አድርጎ መረዳትም የተገባ ነው። ደግሞም የአገሩን ልጅ ሁኔታ ማሰብ ያሻል። የከምባትኛ ጽሕፈት ከ1980ዎቹ ወዲህ በላቲን ፊደል ሆኗል፤ በዚያም የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይጻፋል። ልጁ በእናቱ ቋንቋ ሲያነብ ዐይኑ የሚነግረውን፣ በአማርኛ ሲያነብ ከልቡ መፈለግ አለበት። አማርኛ በአፍ የፈታው ሰው ዋና (ውኃ ውስጥ) እና ዋና (አለቃ)፣ ሰፊ (ልብስ የሚሰፋ) እና ሰፊ (ጠባብ ያልሆነ) ሳያስብ ይለያል፤ በትምህርት ቤት ለለመደው ግን እያንዳንዱ ወጥመድ ነው።

በድሮው ንባብ ቤት መምህሩ ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ሁሉ በድምፅ ያስጠና ነበርና ችግሩ ከሕፃንነት ይቃለል ነበር። ዛሬ ይህ ከክፍላችን ጠፍቷል። በእኔ አስተያየት ለጀማሪዎች በሚዘጋጅ መጽሐፍ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ማኖር ይገባል፤ በቅኔ ላይ ግን ነጥብ የሚያኖር ሰው ወርቁን ለሌባ ያሳያል። ለእናቱ የሚጽፍ ልጅም ኅብር አያስፈልገውም፤ «ገና ነው» ከማለት «በዚህ ዓመት አልመጣም» ብሎ ቢጽፍ፣ ቃሉ ቢመርም አይሻልምን?

ለቤተ ሰብ ጨዋታ ደግሞ ይህችን እንቆቅልሽ እነሆ። «በሕይወቱ ሣር ሲግጥ የኖረ፣ ከሞተ በኋላ አንጀቱ የዘመረ፤ በመጀመሪያ ሁለት ፊደል፣ በኋላ ሦስት ፊደል።» ልጆቹ «ምን አውቅልህ» ብለው ካቃታቸው አገር ይስጧችሁ፤ ካወቁት ግን ሁለቱንም ስም፣ የበፊቱንና የኋላውን፣ አጥርተው እንዲናገሩ ጠይቋቸው።