የምሽግ ጦርነት በፊልም፤ ገሃዱና ትርኢቱ

ጦርነትን በዐይኑ ያላየ ሰው ስለ ጦርነት ያለው እውቀት በአብዛኛው ከሦስት ምንጮች የተገኘ ነው፤ ከሽማግሌዎች ወግ፣ ከመጻሕፍትና ከፊልም። ከሦስቱ መካከል ፊልም የተለየ ኀይል አለው። ሽማግሌ ሲያወጋ «ያን ጊዜ እንዲህ ሆነ» ይላል፤ መጽሐፍም ነገሩን የሚያሳየን በቃላት አማካይነት ነው። ፊልም ግን ድርጊቱን አሁን በፊታችን እንደሚፈጸም አድርጎ ያቀርብልናል። ስለዚህም ያየነውን ሁሉ እንደ ተፈጸመ አድርገን መቀበል ይቀናናል። በዚህ ምክንያት የቀረበልን ነገር የጦርነት ገሃድ ነው ወይስ ለዐይን ማስደሰቻ የተዘጋጀ ትርኢት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊልሞች በጣም ይጠቅማሉ። ጦርነቱ የተካሄደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የምዕራቡ ግንባር ከቤልጅግ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ ስዊስ ድንበር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቅ ነበር። በዚህ መስመር ግራና ቀኝ የተሰለፉት ወታደሮች መሬት ቆፍረው እንደ ፍልፈል ይኖሩ ነበር። በሁለቱ ወገኖች ምሽጎች መካከል ያለው መሬት በመድፍ የታረሰና በእሾሃማ ሽቦ የታጠረ ስለ ነበር፣ ከምሽጉ ወጥቶ የሚሮጠውን ሁሉ መትረየስ ያጭደው ነበር። በአውሮፓውያኑ ጁላይ 1 ቀን 1916፣ በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አካባቢ፣ የእንግሊዝ ጦር በአንድ ቀን ብቻ 57,470 ሰው ከሰልፍ ውጭ ሆነበት። ከእነዚህም 19,240ዎቹ ሞቱ።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቀን የዘወትር አልነበረም። ወታደሩ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በመቆፈር፣ በዘብ በመቆም፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት በመሸከም፣ ቅማል በመልቀምና በጭቃ የራሰ እግሩን በማድረቅ ነበር። ብዙውን ሰው የገደለውና ያቆሰለውም ፊት ለፊት የታየ ጠላት ሳይሆን ከሩቅ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት ነው። ሟቹ ገዳዩን አያየውም፤ ገዳዩም ሟቹን አያውቀውም። እንግዲህ የምሽግ ጦርነት ዋና ባሕርይ ሩጫና ግጥሚያ ሳይሆን መጠበቅ ነበር ማለት ይቻላል።

የፊልም አዘጋጅ ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጠበቅ ለካሜራ አይመችም፤ ጥቃት ግን ይመቻል። ስለዚህ አዘጋጁ ሳያስበው እንኳ ከጭቃው ወደ እሳቱ፣ ከዝምታው ወደ ጩኸቱ ይሳባል።

የዚህን ፈተና ጥንታዊነት ለመረዳት ጦርነቱ ገና ሳያበቃ በ1916 በለንደን የታየውን «የሶም ጦርነት» የተባለውን ፊልም እንመልከት። ፊልሙን ያነሡት ጆፍሪ ማሊንስና ጆን ማክዳውል ወደ ግንባር ተልከው የነበሩ ካሜራ አንሺዎች ናቸው። ከፊልሙ ውስጥ የብዙ ሰው መታሰቢያ ሆኖ የቀረው ወታደሮች ከምሽግ ወጥተው ወደ ጠላት ሲሮጡ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሲወድቁ የሚታይበት ክፍል ነው። ነገር ግን ይህ ክፍል ከውጊያው ርቆ በማሠልጠኛ ቦታ የተቀነባበረ መሆኑ በኋላ ታውቋል። በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ወታደር የቆሰለ ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ በምሽጉ ውስጥ ሲያልፍ ይታያል። ቁስለኛው ምሽጉ በደረሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሞቱን በፊልሙ ላይ የተጻፈው ማብራሪያ ይነግረናል። ይህኛው በውጊያው ስፍራ የተነሣ ነው። ፍንዳታም ሩጫም የለበትም፤ ያለው የደከመ ሰው ፊት ብቻ ነው። ትርኢቱ በሰው ልብ ውስጥ ቀድሞ ቦታ ያዘ እንጂ ገሃዱ ያለው በአዛዩ ሰው ፊት ላይ ነበር።

ይህ ማለት ግን ጥቃትን የሚያሳይ ፊልም ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። በ1930 ሉዊስ ማይልስቶን የጀርመናዊውን ደራሲ የኤሪክ ማርያ ረማርክን ልቦለድ «በምዕራብ ግንባር ምንም አዲስ ነገር የለም» የተባለውን ወደ ፊልም ለወጠው። ረማርክ ራሱ የዘመተና በ1917 የቆሰለ ሰው ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ የመትረየሱ አጨዳ እጅግ ያስደነግጣል። ነገር ግን አዘጋጁ በዚያ አላበቃም። ከውጊያው የተረፉት ወታደሮች ምግብ ፍለጋ ይመጣሉ። ምግብ አብሳዩ ያዘጋጀው ለ150 ሰው ነው፤ የመጡት ግን 80 ብቻ ናቸው። የተራቡት ወታደሮች የሟቾቹን ድርሻ ጨምረው ለመብላት ከአብሳዩ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ተመልካቹ የጥፋቱን ልክ የሚያውቀው ከፍንዳታው ጢስ ሳይሆን ከድስቱ ሙላት ነው። ገሃድ ማለት ይህ ነው።

የፊልሙም መጨረሻ እንዲሁ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፓውል ጸጥ ባለ ቀን በምሽጉ አፋፍ ላይ አንዲት ቢራቢሮ ያይና ሊይዛት እጁን ይዘረጋል። አነጣጣሪ ተኳሽ ይመታዋል። የምናየው እጁን ብቻ ነው፤ እጁም ይዝላል።

ከዘጠና ዓመታት በኋላ፣ በ2022፣ ኤድዋርድ በርገር ይህንኑ ልቦለድ በጀርመንኛ እንደገና በፊልም ሠራው። የዚህ ፊልም መግቢያ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የሞቱ ወታደሮች የደንብ ልብስ ተገፍፎ ይታጠባል፣ ቀዳዳው በስፌት መኪና ይጠገናል፣ ከዚያም ለአዲስ ምልምሎች ይታደላል። ፓውልም በተሰጠው ልብስ ላይ የሌላ ሰው ስም ተሰፍቶ ያገኛል። ይሁን እንጂ ፍጻሜው ሲደርስ አዘጋጁ በዝምታ አልተማመነም። በልቦለዱ ውስጥ ፓውል የሚሞተው ምንም ጉልህ ነገር ባልተፈጸመበት ቀን ነው፤ የመጽሐፉ ርእስ ትርጉምም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በፊልሙ ግን በኖቬምበር 11 ቀን 1918 የተኩስ ማቆሙ ሰዓት ሊደርስ ደቂቃዎች ሲቀሩት በአንድ ጄኔራል ትእዛዝ ታላቅ ጥቃት ይከፈትና ፓውል በዚያ ይሞታል። በዚያ ዕለት ጠዋት ወታደሮች እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መሞታቸው እውነት ነው። ሆኖም የማንም ትኩረት ያልሆነው ሞት የሁሉ ዐይን ወደሚያየው ሞት ሲለወጥ፣ የደራሲው ዋና ሐሳብ ከእጅ አምልጧል ብዬ አምናለሁ።

በ2019 የወጣው የሳም ሜንዴስ «1917» ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ፊልሙ ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ትንፋሽ የተነሣ ሆኖ እንዲታይ በብዙ ጥበብ ተሠርቷል። ጭቃው፣ አይጡ፣ ሽቦውና ሬሳው በጥንቃቄ ቀርበዋል። ነገር ግን ተመልካቹ መልእክት ይዞ የሚሮጠውን ወታደር ሲከተል የሚያሳስበው ጥያቄ «ይደርስ ይሆን?» የሚል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የዕቃውና የልብሱ ትክክለኛነት ብቻውን ፊልምን ገሃዳዊ አያደርገውም። ጭቃም እንደ ርችት ሁሉ ትርኢት ሊሆን ይችላል።

«ትርኢት የሌለበትን ፊልም ማን ያየዋል?» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ፍሬ አለው። ተመልካች ያጣ ፊልም ማንንም አያስተምርም፤ የመድፉም ድብደባ በእውነቱ አስፈሪ ትርኢት ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ትርኢት ይኑር አይኑር ሳይሆን ከትርኢቱ በኋላ ምን ይቀራል ነው። ትርኢቱ ሲያበቃ የሟቹ ቦታ ባዶ ሆኖ ከታየን ፊልሙ እውነቱን ነግሮናል። ሟቹ ተረስቶ ፍንዳታው ብቻ ከታወሰን ግን ፊልሙ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው አድርጎናል።

በአስተማሪነት ዘመኔ ተማሪዎች ያዩትን የጦርነት ፊልም ሲተርኩ ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ። የመሣሪያውን ዐይነት ያስታውሳሉ፤ የሟቹን ስም ግን አያስታውሱም። በዚህ ልጆቹን አልወቅስም፤ ፊልሙ ያስተማራቸው ይህንኑ ነውና። ከማይልስቶን ፊልም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካውም ክፍል ከግንባር የራቀ ነው። ፓውል ለዕረፍት ወደ አገሩ ተመልሶ የቀድሞ ክፍሉን ይጎበኛል። እርሱንና ጓደኞቹን ለዘመቻ የቀሰቀሳቸው አስተማሪ አሁንም ለሌሎች ልጆች ስለ ጀግንነት ያስተምራል። ፓውል ያየውን እንዲናገር ሲጠየቅ እውነቱን ይነግራቸዋል። ልጆቹም ፈሪ ይሉታል። ጦርነትን በትርኢት ብቻ የተማረ ልጅ፣ እውነቱ በሰው አምሳል ፊቱ ቢቆምም አይቀበለውም።

ፊልሙ በዲሴምበር 1930 በበርሊን ሲታይ በጎብልስ የሚመሩ ናዚዎች በአዳራሹ ውስጥ ሁከት አስነሡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ፊልሙ ታገደ። ያስፈራቸው የመትረየሱ ድምፅ አልነበረም። በሌላ ፊልም ውስጥ ቢሆን ድምፁን ይወዱት ነበር። ያስፈራቸው ያ ድስት፣ ያ ክፍልና ያ የተዘረጋ እጅ ነው።

እንግዲህ የጦርነት ፊልም ስናይ ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ፊልሙ መጠበቅን አሳየን ወይስ ጥቃትን ብቻ? ሰው ከሞተ በኋላ የጎደለውን የሚቆጥር አለ ወይስ ካሜራው አልፎት ሄደ? ከአዳራሹ ስንወጣ ያዘንነው ለሰው ነው ወይስ የተደነቅነው በእሳቱ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ ስለ ፊልሙ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ይናገራል። እናንተም በድርሰታችሁ ውስጥ ሰው የሚሞትበት ታሪክ ስትጽፉ፣ ከጥይቱ ድምፅ በፊት ያልተበላውን እራት አስቡ።