ሌሊት ስለሚደረግ የዓይን ሌንስ

የቅርቡን እንጂ የሩቁን አጥርቶ ለማያይ ልጅ፥ ማታ ተደርጎ ጧት የሚወጣ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ አለ። ይኸውም በእንቅልፍ ጊዜ ኮርኒያ የተባለውን የዓይን ፊተኛ ሽፋን መካከሉን በጥቂቱ ጠፍጠፍ ያደርገዋልና፥ ልጁ ቀኑን ያለ መነጽር ይውላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። ዳሩ ግን ፈውስ አይደለም፤ ሌንሱን ማድረግ የተወ እንደሆነ ሽፋኑ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ንጹሕ መስሎ ቢታይም፥ አካንታሜባ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም በሌንሱ ሥር ገብቶ የዓይን ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ሌንሱ በተሰናዳለት መድኃኒት እንጂ በውሃ አይታጠብ፤ እጅም በሳሙና ታጥቦ ፈጽሞ ይድረቅ። ዓይኑ የቀላ ወይም የታመመ እንደሆነ ሌንሱ ወዲያው ይውጣ፥ ልጁም ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ።