የአፈራችን እርጥበት ይለካል፤ ልኬቱ ግን አይገናኝም

ይድረስ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል፤

የክረምት ወሬ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ዝናቡ ነው። ገባ ወይስ ዘገየ? ከመደበኛው በላይ ነው ወይስ በታች? መቼስ ይወጣል? እናንተም የሚቲዎሮሎጂ ትንበያውን እየተከታተላችሁ ታወጣላችሁ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል። እኔ ግን ሥራዬ አፈር መመርመር ስለሆነ ሌላ ጥያቄ ያስጨንቀኛል። ከዘነበው ውስጥ የሰብሉ ሥር በሚደርስበት አፈር ውስጥ የቀረው ስንት ነው? ሰብሉን ለፍሬ የሚያበቃው ያ የቀረው ነው። እሱን ግን እንደ አገር አናውቀውም።

በአንድ ቀን የጣለ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ እነዋሪ ባለው ዋልካ (ጥቁር አፈር) ላይ ሲያርፍና በተራቆተ ጭንጫ ተዳፋት ላይ ሲያርፍ ውጤቱ ለየቅል ነው። ተዳፋቱ ላይ አብዛኛው ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ የሰረገውንም ስሱ አፈር ብዙ ቀን አያቆየውም። ዋልካው ላይ ውሃው ይተኛና ሥሩን አየር ይነሳዋል፤ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዝናብ፣ አንዱ ገበሬ በውሃ ጥም ሌላው በውሃ ብዛት ይጎዳል። የዝናብ መለኪያው ለሁለቱም ያው አንድ ቁጥር ነው የሚጽፍላቸው። ድርቅ ሲመጣም የአፈሩ እርጥበት መመናመን ቡቃያው ከመጠውለጉ በፊት ይታወቃል፣ የሚመዘግበው ካለ። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ በሆነበት ድርቅ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ማወቅ ለስንት ቤተሰብ ዘርና ከብት ማትረፊያ ይሆን እንደነበር ማሰብ ነው።

ይህ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “መሣሪያ የለንም” የሚል ነው። እኔ አልስማማም። የሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ መመሳከሪያ የሆነው አሠራር ዛሬም ቀላል ነው። አፈሩ ከተለያየ ጥልቀት በመሰርሰሪያ ይወጣል፣ በክዳን ጣሳ ይመዘናል፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ24 ሰዓት ማድረቂያ ውስጥ ይቆያል፣ እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ክብደት ውሃው ነው። ሐሮማያ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ያሉ የአፈርና የመስኖ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። የምርምር ማዕከላትም ይሠሩታል። የውጭ እርዳታ ያላቸው ፕሮጀክቶች ደግሞ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ቀብረው በየሰዓቱ ይመዘግባሉ።

ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ተማሪው ይመረቃል፤ ሠንጠረዡ ከጽሑፉ ኋላ አባሪ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ፕሮጀክቱ ይዘጋል፤ የመለኪያው ባትሪ ያልቃል፤ መረጃው ከባለሙያው ላፕቶፕ ጋር አብሮ ይሄዳል። በአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ሲጸዳ፣ ለዓመታት የተሞሉ የእርጥበት መዝገቦች ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር ተጠቅልለው ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ የማሳው ስም በእርሳስ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። የዚያን ዓመት አፈር ተመልሶ ሊለካው የሚችል ሰው የለም። ለዚህ ነው አዲስ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት የተለካውና የሚለካው አንድ ቦታ ይሰብሰብ የምለው።

መሰብሰቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ጥቁር አፈራችን ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው መሬት ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው አፈር ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ኤሌክትሮኒክ መለኪያዎቹ የሚሠሩት ውሃና ደረቅ አፈር በኤሌክትሪክ ባሕርያቸው በጣም ስለሚለያዩ ነው፤ ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው መጠን ለውሃ 80 ገደማ ሲሆን ለደረቅ አፈር ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው። ዋልካ ላይ ግን አፈሩ ሲሰነጠቅ የመለኪያው ዘንግ ከአፈሩ ይለያይና አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ ከእውነተኛው በላይ ደረቅ አድርጎ ያነባል። የሸክላው ብዛትም በራሱ ንባቡን ያዛባዋል። ስለዚህ ከፋብሪካ ጋር የመጣው ቀመር አይበቃም፤ በጣሳውና በማድረቂያው እያመሳከሩ ለየአፈሩ ማረም ግድ ነው። ይህን እርማት ጊንጪ ላይ የሠራ ሰው ውጤቱን ቢያጋራ፣ ጨፌ ዶንሳ ላይ የሚሠራው ከዜሮ አይጀምርም። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይጀምራል፤ ጊዜና ገንዘብ ያጠረውም ሳያርም የፋብሪካውን ቁጥር ይወስዳል።

“ሳተላይት አለ አይደለም ወይ?” የሚሉኝ አሉ። አለ። የአውሮፓው ስሞስ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የአሜሪካው ስማፕ በጥር 2015 ተልከው ከላይ ሆነው የአፈር እርጥበት ይለካሉ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚያዩት የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስማፕ አንድ ቁጥር የሚሰጠው ጎንና ጎኑ 36 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ሰፊ መሬት ነው፤ ይህን እንዲያጠራ የተገጠመለት ራዳርም በዚያው ዓመት በሐምሌ መሥራት አቆመ። በእኛ አገር 36 ኪሎ ሜትር ማለት የጣርማ በር ቁርና የሸዋ ሮቢት ቆላ አንድ ላይ ተደምረው አንድ ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል ማለት ነው። ሳተላይቱን መሬት ላይ የተለካ ነው የሚያርመው። ካላረምነው ምን ያህል እንደሚሳሳት እንኳ መናገር አንችልም፤ በሳተላይት መረጃ ላይ የሚመሠረተው የሰብል ኢንሹራንስም የትኛው ገበሬ ካሳ እንደሚገባው በትክክል አይለይም።

መሰብሰብ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የሶቪየት ኅብረትን መዝገብ መጥቀስ እወዳለሁ። የዚያ አገር የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በየአሥር ቀኑ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት አፈር እያወጡ፣ እያደረቁና እየመዘኑ ለአሥርት ዓመታት መዘገቡ። የተሠራው ለእርሻ ሲባል ነበር። ኋላ ኮንስታንቲን ቪኒኮቭና አለን ሮቦክ የተባሉ ሳይንቲስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንን መዝገብ ከቻይና፣ ከሞንጎሊያና ከሌሎች አገሮች ልኬት ጋር አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2000 ለዓለም ተመራማሪዎች በይፋ አስተዋወቁት። በጣሳና በሚዛን የተሠራው ያ ልኬት የዓለምን የአየር ንብረት ሞዴሎች መፈተኛ ሆነ። ከዚያም በቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረውና አሁን መቀመጫው የጀርመኗ ኮብሌንዝ በሆነው ዓለም አቀፍ የአፈር እርጥበት መረብ ውስጥ ገባ። መረቡ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ2,800 በላይ ጣቢያዎችን መረጃ በአንድ መለኪያ አስተካክሎ በነጻ ይሰጥ ነበር። አፍሪካ በውስጡ ያላት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው።

የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛትም ምሳሌ ትሆናለች። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጣቢያ መረብ በጋራ አቋቁመው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያካሂዳሉ፤ ከ77ቱ አውራጃዎች ጣቢያ የሌለው የለም። “የእኔ ነው፣ የአንተ ነው” ብለው ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ሁለት ግማሽ መረብ ይኖራቸው ነበር።

እኛም ዘንድ ትብብር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ወሎ ማይባር፣ እዚህ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ ላይ ጣቢያ ተክሎ የዝናብ፣ የጎርፍና የአፈር መሸርሸር መዝገብ ትቶልናል። ዛሬ ስለ ደጋው መሬት የሚጻፍ ጥናት ብዙው ከዚያ መዝገብ ይቀዳል። ቆጋ መስኖ ላይም ተመራማሪዎች ውሃው ሥሩ ጋ ሲደርስ ምልክቱ ብቅ የሚል ቀላል መሣሪያ ለገበሬዎች ሰጥተው ሞክረዋል። ገበሬው ምልክቱን አይቶ ውሃውን ይዘጋል፣ ለጎረቤቱም ይለቃል።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ፣ መንግሥትም የፕሮጀክት መዝጊያ ሪፖርት ሲቀበል፣ ጥሬ ልኬቱ ከቦታው፣ ከጥልቀቱ፣ ከቀኑ፣ ከአፈሩ ዓይነትና ከተለካበት ዘዴ ጋር አብሮ እንዲገባ ግዴታ ይሁን። መዝገቡን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ቢይዘው ይሻላል ባይ ነኝ፤ በየጣቢያው ዕለት ዕለት የሚመዘግቡ ሰዎች አሉት፣ በየአሥር ቀኑም ለግብርናው መግለጫ ያወጣል። የአፈር ምርመራውንና የመለኪያ እርማቱን ደግሞ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲዎቹ ይያዙት። መለኪያው ማሳው ላይ ለተተከለበት ገበሬም የጥበቃ አበል ይከፈለው፤ የተሰረቀና የተነቀለ መሣሪያ ስንቱን ጥናት አቋርጧል።

“መረጃችንን ሌላው ወስዶ ይጽፍበታል” የሚለው የተመራማሪዎች ስጋት ተገቢ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ አፈር የሰረሰረው ሰው ስሙ በምስጋና መስመር ብቻ ሲጠቀስ ማየት ያማል። ለዚህ መፍትሔ አለ፦ የለካው ሰው ለሁለት ዓመት ቅድሚያ ይኑረው፣ ከዚያም በኋላ መረጃውን የተጠቀመ ሁሉ ስሙን የመጥቀስ ግዴታ ይኑርበት። መቆለፍ ግን መፍትሔ አይደለም።

እናንተም ጥያቄውን ለሚመለከታቸው ተቋማት አቅርባችሁ መልሳቸውን ብታትሙልን ደስ ይለኛል። ይህን የሚያነብ፣ በቤቱም የቆየ የእርጥበት መዝገብ፣ ፍላሽ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አባሪ ያለው ባለሙያ ካለ ደግሞ እባክዎ አይጣሉት። ቦታውንና ቀኑን በግልጽ ጽፈው፣ ቅጂ አስቀርተው፣ በአቅራቢያዎ ላለው የምርምር ማዕከል ያስረክቡ፤ የተቀበሉበትንም ማስረጃ ይያዙ።

ከአክብሮት ጋር፤
የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን