«እዚህ የለም» ማለት «አልታሰረም» ማለት አይደለም

«የእስር መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው» ይሉናል። ክፍትስ ክፍት ነው። ግን በየትኛው በር ነው የሚገባው?

አውሮራ፣ ኮሎራዶን እንውሰድ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት። አንድ ከንቲባና አንድ ፖሊስ አላት፤ የተቀመጠችው ግን በሦስት ካውንቲ ላይ ነው። ትንሽ ቁራሽ ዳግላስ ውስጥ ትገባለች፤ ዋናው አካሏ የተከፈለው ለአዳምስና ለአራፓሆ ነው። በአሮጌው የከተማዋ ክፍል ድንበሩ ኮልፋክስ ጎዳና ነው፦ ከመንገዱ በስተሰሜን አዳምስ፣ በስተደቡብ አራፓሆ።

ይህን መንገድ በቀን አሥር ጊዜ የሚሻገር ሰው ካውንቲ እንደቀየረ አያውቅም። ሰው ሲታሰር ግን ሁሉም ነገር በዚህ መስመር ይለያያል። የአዳምስ እስር ቤት ብራይተን ነው፤ የአራፓሆ ሴንቴኒያል። አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ። ሸሪፉም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ፍርድ ቤቱም የተለያየ ነው። የከተማዋን ደንብ የጣሰ ደግሞ ጉዳዩ የሚታየው በከተማዋ በራሷ ፍርድ ቤት ነው። በኢሚግሬሽን የተያዘ ሰው እዚያው አውሮራ ባለው ማቆያ ሊገኝ ይችላል፤ እሱን መፈለግ ያለባችሁ በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መፈለጊያ ገጽ ነው።

አሁን ልጇ ማታ ያልገባላትን እናት አስቡ። ለአንዱ ካውንቲ ትደውላለች። «በዚህ ስም የታሰረ የለም» ይሏታል። የመለሰላት ሰው አልዋሸም። «ጎረቤት ካውንቲም ጠይቂ» ግን አላላትም። በኮሎራዶ ሕግ የታሰረ ሰው እስር ቤት ከገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የዋስትናው ጉዳይ ዳኛ ፊት መታየት አለበት። ያ ሰዓት የሚያልቀው ቤተሰብ የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ነው።

በዚህ ላይ የስማችን ጣጣ አለ። የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል። «ተስፋዬ» በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ አንዲት ፊደል ከተሳተች ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል። ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላላቸው ስንት ወገኖች አሉ? ስምና የልደት ቀን ሲገጥም የአንዱ እስር በሌላው ላይ ሊለጠፍ፣ ያልበደለ ሰው ሥራ ሊያጣ ይችላል።

ክፍተቱን ማን ሞላው? ገንዘብ ተቀባይ ድረ ገጾች። «ማንኛውንም የእስር መዝገብ በደቂቃ» ብለው ካርድ ያስሞላሉ። ያረጀውንና የተሳሳተውን ቀላቅለው ይሸጣሉ፤ ክሱ ይውደቅ፣ ሰውየው ነፃ ይውጣ ግድ የላቸውም። መታሰር ጥፋተኛ መሆን አይደለም።

«እያንዳንዱ ሸሪፍ በየካውንቲው ሕዝብ የተመረጠ ነው፣ ሥልጣኑ የየራሱ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ሥልጣናቸውን የነካ የለም። የምንለው ስም ሲጻፍ ሁሉንም እስር ቤቶች የሚፈልግ አንድ ገጽ ከተማዋ ታዘጋጅ ነው። ድንበርም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ለሞንትጎመሪና ለፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተከፍላ ነበር፤ ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው በ1997 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ሞንትጎመሪ ገባች። መስመሩ ራሱ ከተነሣ፣ አንድ ገጽ መክፈት ምን ይከብዳል?

ከተማዋ እስክትሰማ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። እድር ለቀብር ብቻ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ ግድግዳ ላይ የሁለቱ እስር ቤቶች፣ የከተማው ፍርድ ቤትና የኢሚግሬሽኑ ማቆያ ስልክ በአማርኛ ይለጠፍ። ከሥሩም ይህ ይጻፍ፦

መጀመሪያ የተያዘበትን መንገድ ጠይቁ። ካውንቲውን በአብዛኛው የሚወስነው ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበት ቦታ እንጂ ቤቱ ያለበት አይደለም። ስሙን በመታወቂያው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ተናገሩ። አንዱ «የለም» ካለ ወደ ሌላው ደውሉ። ሁሉም ሳይጠየቅ ለድረ ገጽ አንድ ዶላር አትክፈሉ።

የዚህ ወረቀት ወጪ ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል። የእድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የሚቀጥለው ስብሰባችሁ መቼ ነው?