ማሽላን ስለ መናቅ

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ላይ ፈንድቶ ነዋሪውን ከመበተኑ በፊት፣ በጀብራ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን፣ ከአገር ቤት ነጭ ጤፍ የተገኘ እንደ ሆነ ለበዓልና ለእንግዳ ክብር ይጋግሩት፣ ከሱዳን ማሽላ የተጋገረውን እንጀራ ግን የችግር ቀን ሲሳይ አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ ይህም የጀብራ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ እህልን እንደ ሰው መኳንንትና ባላገር ብለን መክፈል የለመድን የሁላችን ጠባይ ነው። እኔ ግን የተናቀው ማሽላ ከተከበረው ስንዴና ከተናፈቀው ሥጋ ይልቅ ለዚያች በረሓማ አገር የተገባ ምግብ መሆኑን ለመመስከር እወዳለሁ።

ማሽላ በምድረ ሱዳን መጻተኛ አይደለም። በከሰላ አካባቢ በተገኘ ጥንታዊ የሸክላ ስባሪ ላይ ታትሞ የቀረው የማሽላ ገለባ፣ ገበሬው ይህን እህል ከ5,000 ዓመት በፊት ያለማ እንደ ነበር ያስረዳል፤ ሱዳናውያንም ዛሬ ድረስ ሊጡን አቡክተው፣ የእንጀራ ዘመድ የሆነውን ስስ ኪስራ ይጋግሩበታል። ማሽላው ከሰማይ በሚወርድ ጥቂት ዝናም ሲበቅል፣ ስንዴ ግን በአጭሩ የብርድ ወራት፣ ያውም ከዓባይ በተጠለፈ ውኃ ካልሆነ አይሆንለትምና፣ የከተማው ሕዝብ ወደ ስንዴ ዳቦ ባዘነበለ መጠን አገሪቱ ለባሕር ማዶ እህል ተገዢ ሆናለች፤ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የአንዱ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 የሱዳን ፓውንድ ቢወጣ፣ በአትባራ የተነሣው ሕዝባዊ ቁጣ በአራት ወር ውስጥ ፕሬዚዳንቱን ኦማር አል በሽርን ከመንበሩ አወረደ።

ሆኖም ማሽላውም ቢሆን ከነቀፋ ንጹሕ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራዊቱን ለመመገብ በገዳሪፍ የጀመረው የትራክተር እርሻ፣ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ የግራሩን ደን ጠርጎታል፤ ከግራሩ ጋርም ሱዳን የታወቀችበት ሙጫ ተመናምኗል። ምጣዱ በከሰል በጋለ ጊዜም እንዲሁ ዛፍ ይነዳል። ጥፋቱ ግን ከአዘራሩና ከማገዶው እንጂ ከእህሉ ባሕርይ አይደለም።

ስለ ሥጋ የተባለውማ ግልጥ ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት፣ ከእንስሳት የሚገኘው ምግብ ከዓለም የእርሻና የግጦሽ መሬት 83 ከመቶውን ይዞ ሳለ፣ ከሰው ልጅ የምግብ ጉልበት 18 ከመቶውን ብቻ እንደሚሰጥ ገልጧል። (ሰው የማይበላውን ቊጥቋጦ በቡታና ሜዳ እየበላ ወተት የሚሰጠው ግመል ግን በዚህ ፍርድ እኩል ሊከሰስ አይገባውም።) አባቶቻችን ሥርዓተ ጾምን የደነገጉት ለነፍስ እንጂ ስለ አየር ንብረት አስበው አይደለም፤ ነገር ግን ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምንም 55 ቀን የሚጠብቅ ምእመን በጀብራ ሽሮውን ይዞ ተቀምጦ፣ ወይም ከሱዳናዊ ጎረቤቱ ጋር በሰሊጥ ዘይት የታሸ ፉል እየበላ፣ የዘመኑ ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚሰብኩትን ሳያውቀው ይፈጽም ነበር። በፋሲካ ማግስት የሚሆነውን ማጋበስ ግን ማመስገን አልችልም።

እንግዲህ ወደ ካርቱም የምትመለሱም ሆናችሁ፣ በመተማ በኩል ገብታችሁ በአገር ቤት የቀራችሁ፣ በሚመጣው በዓል እንግዳ ሲመጣባችሁ የማሽላውን እንጀራ ከጤፉ ጋር በአንድ መሶብ አቅርቡለት።